በሳህን ላይ የመታው ልብ

ዛሬ ጠዋት እልልታዬን የሰማ የቀራንዮ ጎረቤት ሁሉ «ማን ወለደ?» እያለ ግቢዬ ገባ።

ማንም አልወለደም። ውጭ አገር የምትማረው ልጄ ሄለን በቪዲዮ ደውላ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደገችውን የልብ ሴል አሳየችኝ። ትንሽ ሳህን ላይ ሆኖ ትር ትር ይላል።

የተሠራው ከሰው ደም ነው። መጀመሪያ ስቴም ሴል የሚባል፣ የፈለጉትን መሆን የሚችል ሴል ያደርጉታል፤ ከዚያ ወደ ልብ ሴል ይቀይሩታል። አዲስ መድኃኒት ልብ ይጎዳ እንደሆነ፣ ሰው ሳይውጠው በፊት እዚያ ላይ ይሞከራል።

ስንቴ አልመታ ብሎ ሞቶባታል መሰላችሁ። ይሄኛውም እምቢ ቢል ጥናቱን ልትተወው ነበር። ታዲያ እናት ምን ታድርግ፣ እልል ነው እንጂ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ የገንፎ ዱቄት ይዘው ደረሱ። «ወንድ ነው ሴት? እልልታሽን ብቆጥር ብቆጥር ጠፋብኝ» አሉ።

«ልብ ነው፣ እትዬ።»

ስልኩን አስጠግተው አዩና «ማሻአላህ፣ ይመታል እኮ። የኔንም የግፊት ኪኒን ትሞክርልኝ» አሉ። «ዱቄቱን ግን ይዤ አልመለስም።»

ገንፎውን ተሰብስበን በላነው። አራሷ ብቻ በስልክ እያየች ምራቋን ዋጠች።

የእናንተስ ልጆች ምን ሠርተው ነው ጎረቤት ያስጠሩባችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።