የመጋዘኑ ቁልፍ

የእህቴ ባል ፍራሽ ሠሪ ነው። ሠፈሩ ግን የሚያውቀው በፍራሹ ሳይሆን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎት በሚዞረው የቁልፍ ዘለላ ነው። “ባለቁልፉ” ይሉታል። ሲመጣ ከሱ ቀድሞ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ ፒካፑን እየነዳሁ አብሬው መሥራት ከጀመርኩ ዘመን ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከነዚያ ቁልፎች አንዱን እንኳ “እንካ፣ ያዝልኝ” ብሎኝ አያውቅም። የመኪናዋን ብቻ ይሰጠኛል፣ ያውም ያለ ቁልፍ የምትነሳበት ዘዴ ቢገኝ ባልሰጠኝ ነበር።

ሰላም ለሚለው ሰው ሁሉ መልሱ “ማነው የላከህ?” ነው። ባንክ ቤት ያለች ልጅ ፈገግ ብላ ብታስተናግደው ባንክ ቀየረ። ሐኪሙ “ጤነኛ ነዎት” ቢለው “ምን ደብቆኝ ነው?” ብሎ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደ። እህቴ እንኳ ደህና እራት ስታቀርብለት ማንኪያውን ሳያነሳ “ምን ፈልገሽ ነው?” ይላታል። “እንድትበላ” ትለዋለች። ይበላል፣ ግን አላመናትም።

እንዲያው ፈጥሮበት ነው እንዳትሉ። ወጣት ሳለ ሥራውን የጀመረው ከልብ ጓደኛው ጋር ተሻርኮ ነበር። ጓደኛው የመጋዘኑን ቁልፍ አስቀርጾ፣ አንድ እሁድ ጨርቁንም ጥጡንም ጠራርጎ ጠፋ። ጋሼ ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍት ያገኘው ባዶ ወለልና አንድ መጥረጊያ ነው። “መጥረጊያውን ለምን ተወው?” እያለ እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገቡ ወርዶ አያውቅም። ፍራሽ ሰፊዎቹ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተደርድረው እሱን ይጠብቃሉ። ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት የዋለ ጊዜ ጨርቅ የሚያወጣላቸው ጠፍቶ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ፤ ሆቴሉ ያዘዘው ፍራሽ ሳይደርስ ቀረ፤ ሆቴሉም ሌላ ፍራሽ ቤት ፈለገ። ጋሼ ግን ሆቴሉን ሳይሆን የጥርስ ሐኪሙን ነበር የጠረጠረው።

አንዲት ልጅ አለችው። ትእዛዝ የምትቀበለው፣ ደንበኛ የምታባብለው፣ ሲያኮርፍ የምታስታርቀው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኤምቢኤ ትማራለች፣ አንደኛ ነው የሚባል የንግድ ትምህርት ቤት ገብታ። ልትመዘገብ ነው ሲባል አባቷ፣ “ያን ያህል ጎበዞች ከሆኑ ለምን ማስታወቂያ ይለጥፋሉ?” አለ።

“ከሌላው የሚለየው ነገር አለ እኮ አባባ” አለችው። “ሌላ ቦታ የሚማሩት አይተውት ስለማያውቁት ትልቅ ኩባንያ ነው። እዚህ ግን እዚሁ አጠገባችን ያለ የአንድ ድርጅት ታሪክ ይጻፋል፣ ስሙ ይቀየራል። እኛ እሱን አንብበን ባለቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት እንከራከራለን። ሰውየው ራሱ እዚያው ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። ማን እንደሆነ አናውቅም። መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው።”

“ስለላ ነው በይኛ!” አለ ጋሼ።

ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር አስተማሪዋ መጥታ “የእናንተን ቤት ልጻፈው” አለች። እንቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ እሺ አለ። “ውጭ ሆና ከምትሰልለኝ ዓይኔ ሥር ሆና ትሰልለኝ” አለኝ በጆሮዬ። ወንበር ሰጣት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ። አንድ ስትጠይቀው ግማሹን ይመልስላታል፤ ጥጡንና ስፖንጁን እንዴት እንደሚደራርብ እንዳታይ ሥራውን በመጋረጃ ጋረደ። ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ እሷም ጠዋት ጠዋት እሱ መጥቶ እስኪከፍት በረንዳው ላይ ከሰፊዎቹ ጋር ትቀመጥ እንደነበር ነው። እዚያ የማይወራ የለም።

በዚያው ሰሞን ዕቃ ልናደርስ ስንሄድ ልጅቷ ፒካፑ ውስጥ አንድ ነገር ነገረችኝ። ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ለሥራ ፈልጓታል።

“አጎቴ፣ አባባ የመጋዘኑን ቁልፍ ከሰጠኝ እቀራለሁ” አለች። “ካልሰጠኝ ግን እሄዳለሁ። በረንዳ ላይ ተጎልቼ አላረጅም።”

“መቼ ነው መልስ የምትሰጪያቸው?”

“የእኛ ቤት ታሪክ ቅዳሜ ነው ክፍል የሚቀርበው። ሰኞ እመልስላቸዋለሁ።”

እሷ ከሄደች ያ ቤት በወሩ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ለጋሼ ልንገረው ብል ደግሞ “ማነው የላከህ?” ማለቱ የማይቀር ነው። ነገሩን ለራሴ ይዤ ማርሽ ቀየርኩ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼ “ምስክር ያስፈልገኛል” ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ቁልፎቹ እንዳያሳብቁበት በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከቷቸዋል፣ እጁንም ከኪሱ አላወጣም። ክፍሉ ደረጃ ደረጃ ነው፤ እኛ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ሥር አየ። ቀጥሎ የኔን ወንበር ሥር አየ። ልጁ ከፊት ነበረች። አስተማሪዋ እንዳትናገር አስጠንቅቃታለች።

ተማሪዎቹ ጀመሩ። ጋሼ ስለ ጥጡ አደራረብ እስኪጠይቁ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ እነሱ ግን ስለ ጥጥ ግድም የላቸው። ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ብቻ። ከረባት ያሰረ አንዱ፣ “ይሄ ሰውዬ ፍራሽ አይደለም የሚሠራው፣ በር ነው የሚጠብቀው” አለና ክፍሉን አሳቀው።

“ይሄን የላከው ከማዶ ያለው ፍራሽ ቤት ነው” አለኝ ጋሼ።

መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ፣ “እናንተ የባለቤቱን ልጅ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትታችሁ ትሄዳላችሁ የምትሉ እጃችሁን አውጡ” አለች።

ክፍሉ እጅ ብቻ ሆነ። ጋሼ ያያቸውም አይመስል። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። አትናገሪ እንጂ እጅሽን አታውጪ ያላት የለም። ጋሼ ያንን እጅ ያውቀዋል፤ መራመድ ሲያስተምራት ይዞት የዞረው እጅ ነው። ኪሱ ውስጥ ቁልፎቹ ከነመሐረቡ ተንቋቁ።

“አሁን ባለቤቱ ይነሱልን” አለች አስተማሪዋ።

ጋሼ ተነሳ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ባለከረባቱ የሚገባበት ጠፋው። እኔማ አሁን ሁሉንም በየተራ “ማነው የላከህ?” ሊላቸው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ “ልጅቷ ለመሆኑ አባቷን ቁልፉን ጠይቃው ታውቃለች?” አለ።

ማን ይመልስ? ጽሑፉ ላይ የለም። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ዞረች።

“አንድ ጊዜ ጠይቃው ነበር” አለች። “‘ማነው የላከሽ?’ አላት።”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አባትና ልጅ ብቻ አልሳቁም።

ስንመለስ ፒካፑን ጉድጓድ ውስጥ ስከተው እንኳ ጋሼ “ማነው የላከህ?” አላለኝም፣ ያኔ ነው የፈራሁት። እሁድ ዕለት እህቴ ደውላ፣ “ቁልፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያገላብጣል፤ ምን አድርጋችሁት ነው?” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰፊዎቹ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ልጅቷ ስልኳን ይዛ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ጋሼ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ አጠገባችን ሲቆም ደነገጥን። ቀበቶው ባዶ ነው። መዳፉን ዘረጋላት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ብቻውን ተቀምጦበታል።

“እንኪ” አለ።

ቁልፉን አየች። አባቷን አየች። እኔንም በጎሪጥ አየችኝ።

“ማነው የላከህ?” አለችው።

ሰፊዎቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጋሼ መዳፉን እንደዘረጋ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልቶት አያውቅም። ልጅቷ ቁልፉን ተቀበለች እንጂ አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም። መጀመሪያ ሄዳ በሩ ላይ ሞከረችው። ዞረ። አውጥታ እንደገና ሞከረችው። እንደገና ዞረ። የአባቷ ልጅ ናት፣ ምን ይደረግ።

በሩን ከፈተችው፤ ሰፊዎቹ እየተጋፉ ገቡ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ፋብሪካው ጋ ደወለች። ጋሼ ቀበቶውን በእጁ እየዳበሰ ተጠጋ።

“ልግባ?” አላት።

“ይቅርታ፣ አልመጣም” እያለች ነበር ለፋብሪካው። በእጇ ቆይ አለችው። ሄዶ ሰፊዎቹ ከነበሩበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ጠበቃት።