ቤቱ አራት ማዕዘን የሆነበት ክረምት

አባቴ ውስጡ ተቀምጦ እሳት እየሞቀ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ክቡን የሣር ቤታችንን አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት አድርጌዋለሁ። አንዲት ጠብታ አባቴ ላይ አላረፈችም። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም። እሷ ግን የምላትን ሳታምን ይኸው ስንት ልጅ ወልደናል።

ነገሩ የሆነው ቡታጅራ ዳር ነው፣ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ራሴን በራሴ አናጢ ብዬ ሾሜአለሁ። ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ማንም። ወልቂጤ ላይ አንድ ነጋዴ የቆርቆሮ ቤት ሲያሠራ ጭቃ ተሸካሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጭቃውን በትከሻዬ ተሸክሜ ሙያውን በዓይኔ ይዤ መጣሁ። አናጢው መሰላል ላይ ሆኖ "አንተ፣ ጭቃ አምጣ እንጂ እኔን ምን ታየኛለህ?" እያለ ነበር የሚውለው። ቢያውቅ ኖሮ ያስከፍለኝ ነበር።

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ቀድማው ሞታለች፣ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ግን ዓይነ ስውር አባት ነበረኝ ስላችሁ በዱላ የሚመራ ሰው እንዳይመስላችሁ። በዚያ ክብ ቤት ውስጥ እኔ ነበርኩ የምደናቀፈው። ከመደቡ ይነሳል፣ እጁን ይዘረጋል፣ መሀል ቤት የቆመውን ምሰሶ ይነካል። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ያውቀዋል። በስተቀኝ እሳቱ፣ በስተግራ የላሞቹ በረት፣ ፊት ለፊት በሩ። ግድግዳውን በጣቱ እየዳሰሰ ቢዞር ተመልሶ መደቡ ጋ ይደርሳል። የማያውቀው እንግዳ መጥቶ ቆጮ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ዓይኑ እንደማያይ ሳይጠረጥር የሄደ አለ። ሰውም የሚለየው በእርምጃው ነው። ጎረቤታችን ገና ሣሩን እየረገጡ ሳሉ "ና ግባ፣ ዛሬ ደግሞ በባዶ እግርህ ነው" ይላቸዋል።

ታላቅ ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነው የምለው። መርካቶ ሱቅ ነበረው። እኛ አገር የትም ሠርተህ የትም ብትከብር ለመስቀል ቤትህ ትገባለህ። ያልገባ ሰው "ምን ነካው?" ተብሎ ይጠየቃል፣ እንደሞተ ሁሉ። ወንድም ጋሼ የአዲስ አበባ ልጅ ካገባ ወዲህ መምጣት ትቶ ነበር። ጭሱ ልጆቹን ያስለቅሳል ይላል። ያን ዓመት ታዲያ ክረምቱ እንደገባ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመና ቆርቆሮና ምስማር አራገፈ። ረዳቱ መልእክቱን እንደተነገረው በቃሉ አደረሰ።

"ዘንድሮ ለመስቀል ከነቤተሰቤ እመጣለሁ ብሏል። ቤቱን አስፉልኝ ብሏል። አባባንም በዓይኔ አያለሁ፣ ሰው በእጁ የሚመራው ከሆነ ግን እዚያ አልተወውም፣ ይዤው እመለሳለሁ ብሏል።"

አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "መርካቶ ወስዶ ምን ሊያደርገኝ ነው? የሰው ጫማ ድምፅ ሊያስቆጥረኝ?" አለ።

ረዳቱ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። መኪናው ከሄደ በኋላ ጠራኝ።

"ቤቱን አስፋው።"

"አሁን? በዚህ ዝናብ?"

"ልጆቹ እንደገና በጭስ ተማረው አይሄዱም። ልጄ ሲመጣ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ። ያየኛል፣ ደህና ነው ይላል፣ ትቶኝ ይሄዳል። አለቀ።"

እንግዲህ ያ ክረምት የተሠራው ሁሉ ለዚች ነገር ነው። አባቴ በሩ ላይ በራሱ እግር ቆሞ እንዲታይና ከቤቱ እንዳይነቀል።

ቤት የሚሠራው በበጋ መሆኑ ጠፍቶን አይደለም። ግን የኛ ሰው አገሩ የሚገባው ለመስቀል፣ መስቀል ደግሞ የክረምቱ ጫፍ ላይ። ለመስቀል ቤት ማሳየት የፈለገ ሰው በዝናብ ከመሥራት ሌላ ምን አማራጭ አለው? በየዓመቱ በየመንደሩ አንድ ሞኝ ሐምሌ ላይ ጭቃ ሲያቦካ ታያላችሁ። ያን ዓመት ተራው የኔ ነበር።

ጎረቤታችን እስላም ናቸው፣ የአባቴ እኩያ፣ የልጅነት ጓደኛው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ከኛ ፊት ለፊት ነው። ካስማ ስተክል አይተው መጡ።

"አሰላሙ አለይኩም። ምን እየቀበርክ ነው?"

"ቤት እየሠራሁ ነው ጋሼ።"

"አንድ ቤት አለህ አይደል? ይሄኛው ለማን ነው?"

"ያኛውን ውስጡ ልከተው ነው።"

ካስማውንም እኔንም አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ጮክ ብለው፣ "አንተ ሰው፣ ልጅህን ብርድ መትቶታል፣ እሳት ዳር አስቀምጠው" አሉ።

የኔ ብልሃት ግን ይህ ነበር። አሮጌውን ቤት ካፈረስኩ አባቴ ዝናብ ላይ ሊወድቅ ነው። ስለዚህ አላፈርስም። በክቡ ቤት ዙሪያ የባሕር ዛፉን ቋሚ በአራት ማዕዘን አቆምኩ፣ ማገሩን መታሁ፣ ጣሪያውን ከላዩ ላይ አወጣሁ። አሮጌው ሣር ለአባቴ ጣሪያ እንደሆነ ይቆያል፣ አዲሱ ሲያልቅ አሮጌውን ከውስጥ እየፈታሁ በበር አወጣዋለሁ። ወልቂጤ ያለው አናጢ ይህን ቢያይ መሰላሉን ትቶልኝ ይወርድ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልለካሁም። የሣር ቤታችን ሹል ነው፣ የኔ ቆርቆሮ ዝቅ ያለ ነው። ግራና ቀኙን ከድኜ ስጨርስ የአሮጌው ቤት ጉልላት በአዲሱ ጣሪያ መሀል ብቅ ብሎ ቀረ፣ ጋቢ ለብሶ አንገቱን እንዳወጣ ሽማግሌ። ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ማየት ጀመረ።

"ይቺ ቤት አርግዛ ነው?"

"የለም፣ ልትወልድ ነው። ጭንቅላቱ ወጥቷል።"

እኔም ከላይ ሆኜ "ወንድ ከሆነ ባንተ ስም ነው የምጠራው" እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉልላቱን መቁረጥ ቀላል ነው። ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ቆርጬ አወርደዋለሁ፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ እደፍነዋለሁ። ምሰሶው ነው ችግሩ። ከጣሪያዬ ይረዝማል፣ ደግሞም የቆመው ለወንድም ጋሼ ሳሎን ይሁን ያልኩት ቦታ መሀል ላይ ነው። የአባቴ አባት ያቆሙት ምሰሶ ነው፣ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ተልጎ ያብረቀርቃል። አባቴን ጠየቅኩት። ጎረቤታችንም ተቀምጠዋል።

አባቴ ተነሳና ምሰሶውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገው፣ ሊሸጥ ያወጣውን በሬ እንደሚመታ ሰው።

"ቁረጠው።"

"ኧረ ተው፣ አንተ ሰው" አሉ ጎረቤታችን።

"ልጄ እየመጣ እኔ ምሰሶ አቅፌ ልቀር ነው?"

ቆረጥኩት። ሣሩን ከውስጥ ፈታሁ፣ እንጨቱን በበር አወጣሁ፣ ግድግዳውን መረግሁ። አባቴ በዚህ ሁሉ መሀል ከመደቡ ላይ አልወረደም፣ አልረጠበም። በሩ ሰፊ ነው፣ ክፍሉ ሁለት ነው፣ መስኮት አለው። የመንደሩ ሰው ገብቶ አየና ቆብ የደፋው ቆቡን አወለቀ። ኩራቴ ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ ተነሳ። እጁን ዘረጋ። እጁ ምንም አላገኘም። አንድ ሁለት ተራመደ፣ አሁንም ምንም የለም። እጁን እንደዘረጋ ባዶውን ቤት አቋረጠና ከአዲሱ ግድግዳ ጥግ ጋር ተላተመ። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጭቃ ተለጠፈ። ቆሞ ጥጉን በሁለት እጁ ዳሰሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማዕዘን ነው አባባ።"

"ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሠራም። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ነው።"

"ታዲያ ከዚህ ወዴት ነው የሚኬደው?"

እጁን ይዤ ወደ መደቡ መለስኩት። ክብ ቤት ውስጥ ግድግዳውን የያዘ ሰው የሚጠፋበት ቦታ የለም። የኔ ቤት ውስጥ አራት መጥፊያ ሠርቼለታለሁ። እሱም አላሰበውም፣ እኔም አላሰብኩትም፣ ጎረቤታችን "ተው" ያሉትም ለምሰሶው አዝነው እንጂ ለዚህ አልነበረም። ከኛ ይልቅ የሚያይ የሚመስለው ሰውዬ ዓይኑ ያ ምሰሶና ያ ክብ ግድግዳ እንደነበረ ማናችንም አናውቅም ነበር።

ዝናቡ ደግሞ መጣ። ሣር ላይ የወረደ ዝናብ ሹክሹክታ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው እየጮኸ አይሰማም። አባቴ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ እኔ ቤት ውስጥ ልኑር አልኑር ማወቅ አቃተው። እንግዳ ሲገባ ሰውዬው ራሱ ክንዱን ካልነካው ቀና አይልም።

እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከመደቡ እስከ በሩ የቃጫ ገመድ ወጠርኩለት፣ ያን ይዞ እንዲሄድ። አንድ ቀን ያዘውና ፈታው። "ጥጃ ነኝ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ መሀል ቤት አዲስ ምሰሶ ተከልኩ፣ ጣሪያ የማይሸከም፣ ዝም ብሎ የቆመ። ዳሰሰው። ጠጋ ብሎ አሸተተው።

"ይሄ እንግዳ ነው" አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

መስከረም ጠባ። ሰው ሁሉ ለመስቀል ቤቱን ሲቀባ፣ ቅቤ ሲያነጥር፣ እኔ አባቴን ከመደብ እስከ በር ማስለማመድ ያዝኩ። በእጁ ስመራው ያፍራል፣ ስለቀው ይላተማል። በመጨረሻ መነሳቱን ተወው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ገቡ፣ ክንዱን ነኩት።

"ምን ሆነህ ነው በገዛ ቤትህ እንደ እንግዳ ተሸማቀህ የተቀመጥከው?"

"ቤቴ ጠፋብኝ" አለ አባቴ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን ፈለግኩ፣ ግን ያን ቀን ዝናብ አልነበረም።

ጎረቤታችን ክንዱን ያዙት። "የጠፋው እኔ ጋ አለልዎ፣ ይነሡ" አሏቸው ብዬ አባቴን ላከብረው ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ እነሱ ግን አንተ እየተባባሉ ነው ያረጁት። "የጠፋው እኔ ጋ አለልህ፣ ተነስ፣ ይሄን ያህል አታስለምነኝ" ነው ያሉት።

ይዘውት ተሻገሩ። የሳቸው ቤት ሣር ነው፣ ክብ ነው። የኛን አሮጌውን ቤት የሠሩት እጆች ናቸው የሠሩት፣ እሳቱ በዚያው በስተቀኝ፣ በረቱ በዚያው በስተግራ። አባቴ ደፉን እንደተሻገረ እጃቸውን ለቀቀ። እጁን ዘረጋ። ምሰሶው ነበረ። በእሳቱ በኩል ዞሮ ሄዶ ተቀመጠና ለጎረቤታችን ሚስት፣ "እቴ፣ እሳትሽ ጨሶብሻል፣ እርጥብ እንጨት ነው የጨመርሽው" አላት። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፁን አልሰማሁም ነበር።

ወንድም ጋሼ በደመራው ዋዜማ ደረሰ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና አንድ ሻንጣ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። እኔ በአዲሱ ቤት በር ላይ ቆሜአለሁ።

"አባባስ?"

"ጋሼ ቤት ነው።"

ዞር ሲል አባቴ የጎረቤታችን በር ላይ ቆሟል። ማንም አልያዘውም። ከእሳቱ ተነስቶ፣ ምሰሶውን ዞሮ፣ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆሟል። ወንድም ጋሼ ሲጠጋ እጁን አንስቶ ፊቱን ያዘው፣ መረቀው። ልጆቹን በየተራ አስገባ። በርጩማውን ራሱ ስቦ ለምራቱ ሰጣት። ትንሹን ልጅ "በዚያ በኩል ላም አለች፣ ቀስ በል" አለው።

ወንድም ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ "ያያል እንዴ?" አለኝ።

"ካንተ የተሻለ ያያል" አሉ ጎረቤታችን። እኚህ ሰው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀንም አልዋሹም።

በበዓሉ የአባቴን ክትፎ በራሳችን ጣባ ይዤ እሻገር ነበር፣ የነሱን ዕቃ እንዳይነካ። አባቴ ከምሰሶው ወዲህ ሥጋውን ይበላል፣ ጎረቤታችን ከወዲያ አይብና ጎመናቸውን ይበላሉ፣ መሀል ላይ ይሰዳደባሉ። ወንድም ጋሼና ልጆቹ እኔ ቤት በደረቅ ተኙ። "እንዲህ ያለ ቤት መርካቶም የለም" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል በአደባባይ ሦስት ጊዜ አስደግመው ነበር። ከመስቀል በኋላ ተሳፍሮ ሄደ። አባባን ይዤው ልሂድ የሚል ነገር አልተነሳም።

አባቴ ያሰበው ሆነለት። እሱ አልተነቀለም። ግን ወደኔም አልተመለሰም። በጋ ሲገባ ቆርቆሮውን አንስቼ ክቡን ቤት መልሼ ልሥራልህ አልኩት። "ወንድምህ የላከውን አፍርሶ ጣለው ይበሉህ? ተወው" አለኝ። እዚያው ቀረ። ሲሞትም እዚያው ሞተ፣ ቄሱ እዚያ ገብተው ሲጸልዩ ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

እስከዚያው ግን አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፣ በእጁ መርቼው። ተቀምጦ ትንሽ ያወራና ሲነሳ፣ "ቤትህ ሰፊ ነው" ይለኛል። ቤትህ። እኔ ደግሞ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣ ሰው፣ ለዚች ቃል እስከ ዛሬ ቀልድ አላገኘሁላትም።

ይህን ካላመናችሁ ቡታጅራ ሂዱ። የጎረቤታችን ልጆች አሉ፣ አድገው ወልደዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል። አባቴ እነሱ ቤት በኖረበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ ነገር ጋር ተላትሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቋቸው። ስለ እኔ ቤት ግን አትጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።