ከሕንድ ፊልም እስከ ሕንድ ውቅያኖስ

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ሲለቁ ጢም ብሎ በሚሞላ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። ቤቱ ቆርቆሮ፣ መጋረጃው ጥቁር ጆንያ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር። ባለቤቱ ኦቦ ለታ ይባላሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ረጅም ቀርከሃ አስጨበጡኝና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆሙኝ።

«ሕንድኛ ትችላለህ?» አሉኝ።

«አልችልም፣ ኦቦ።»

«ጥሩ። ተመልካቹም አይችልም።»

ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ፊልሙ ይሄዳል፤ እኔ ተዋናዩን በቀርከሃው እየነካሁ ምን እንዳለ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ሲቆጣ «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!» እላለሁ። ሲያለቅስ «ወይኔ እናቴ!» እላለሁ። ሲዘፍን ውሃ እጠጣለሁ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ መሀል ላይ የዋናዋ ተዋናይት ወንድም ነው ያልኩት ሰው መጨረሻ ላይ አገባት።

አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከኋላ ብድግ አለ። «ወንድሟ አይደለም እንዴ?»

«የእንጀራ ወንድሟ ነው» አልኩ።

«ቢሆንስ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው ጎረቤቷ ነው።»

ኦቦ ለታ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በማግስቱ ቋሚ ሆንኩ።

በእኛ ሥራ ማዕረግ አለ። ታች በር ጠባቂው ነው፤ ከሱ በላይ ትኬት ቆራጩ፤ ከሱ በላይ ካሴት ከአዲስ አበባ የሚያመላልሰው፤ ከሁሉም በላይ አስተርጓሚው። ካሴት ማጠንጠንና ካሴቱን የሚያነበውን የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በአልኮል መጥረግ ግን የአስተርጓሚውም ሥራ ነበር። ማዕረጌ ከፍ ያለ ቢሆንም እጄ ሁልጊዜ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር፤ ሰፈሩም ሰክሬ የማስተረጉም ይመስለው ነበር። ባልሰክርም ለውጥ እንደሌለው ማን ይንገራቸው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ኦቦ ለታ ናቸው። «ዓይንህን ከፊልሙ ላይ አንሣና አግዳሚውን እይ» ይሉኝ ነበር። «አግዳሚው ሲንቋቋ ሰው ሊወጣ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ግደል።» ገደልኩ። ሰበታ ሳለሁ የገደልኩትን ሰው ፊልሙን የሠሩት ሕንዶች ቢሰሙ አገር አቋርጠው ይከሱኝ ነበር።

ከዚያ ሱሉልታ ሄድኩ። የሱሉልታ ብርድ ለቪዲዮ ቤት ትልቅ ወዳጅ ነው፤ ሰው ለመሞቅ ይገባል፣ ሲሞቀው ይተኛል። ለሚያንኮራፋ ሕዝብ ማስተርጎም ትሕትና ያስተምራል። በኋላ ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በዲሽ ተተካ። ልጆቹም ፊልሙን ከእኔ የተሻለ ያውቁት ጀመር። ቀርከሃዬን ይዤ ሥራ ፈታሁ።

እጄ ላይ በቀረችው ነገር ቡራዩ ላይ ጌም ቤት ከፈትኩ። ጆተኒ አለ፤ ጌም አለ፤ ኳስ የሚታይበት ፕሮጀክተር ያለው አዳራሽ አለ። ሕጉ በየጌም ቤቱ ያለው ሕግ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ሐያት ከፍላ አታውቅም። አሥረኛ ክፍል ናት፤ አባቷ ሐጂ ከማል በአምቦው መንገድ ዳር የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ከክፍል ጓደኛዋ ከገመቹ ጋር መጥታ ኳስ ጌም ስትጫወት ወንዶቹን በየተራ ታሰናብታቸዋለች። ሌላው ልጅ ኳሷን ሲያይ እሷ የምታየው የስክሪኑን ጥግ ነው። አንድ ቀን እኔም ገጠምኳት። ከፈልኩ። የቤቱ ባለቤት ለራሱ ሲከፍል ያየ ሁሉ እስካሁን ይስቅብኛል።

አንድ ከሰዓት አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ መጣች። «ጋሼ፣ ፕሮጀክተሩን ትንሽ ልጠቀምበት?»

«ለምን?»

«ባሕር ለማየት።»

«ቡራዩ ላይ?»

ስልኳን አገናኘች። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። አንድ የተመራማሪዎች መርከብ ካሜራና መብራት ያለው መሣሪያ በገመድ ወደ ባሕሩ ወለል አውርዶ በቀጥታ ያሳያል። መሣሪያው ውስጥ ሰው የለም፤ ከላይ ከመርከቡ ሆነው ነው የሚነዱት። የት ነው ብዬ ስጠይቃት «ሕንድ ውቅያኖስ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሕንድ እስከ እርጅናዬ አልለቀቀኝም።

ጆተኒ የሚጫወቱት መጡ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አስገብቶ «ኩን ማሊ?» አለ፤ ምንድነው ይሄ ማለቱ ነው። ሰው ሲሰበሰብ የድሮ በሽታዬ ተነሣብኝ። መጥረጊያውን አነሣሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ወፍራም ሐምራዊ ነገር በጭቃው ላይ ይሳባል።

«ይህ የዓሣ ነባሪ ግልገል ነው!» አልኩ። «እናቱን ያጣ! ይህ የምታዩት አፉ ነው። እናቱን ሲጠራ እንዲህ ይከፍተዋል።»

«ጋሼ» አለች ሐያት።

«ቆይ ልጄ፣ ስሜት ውስጥ ገብቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ዓሣ ነባሪ አይደለም። ጭቃ እየበላ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። አፉ ደግሞ በዚያኛው ጫፍ ነው።»

«ታዲያ ይሄኛው ምንድነው?»

አቀረቀረች። «እሱማ... መውጫው ነው።»

የባጃጁ ሹፌር በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሕዝቡን ከማን ጋር ሳስተዋውቅ እንደቆየሁ ሲገባኝ መጥረጊያውን ለሐያት አስረከብኳት። በዚህ ሥራ ሳረጅ ሥልጣን በፈቃዴ የለቀቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐያት በአማርኛ፣ ገመቹ በአፋን ኦሮሞ ያስረዱ ጀመር። ድምፃቸውንም ኦንላይን አወጡት። ከጅማ፣ ከድሬዳዋ፣ ከባሕር ዳር እኩዮቻቸው ገቡ። የሚጽፉትን ገመቹ ያነብልኛል፤ «እህት፣ ይሄ ይበላል?» «ይሄ ነገር ሒሳብ አስተማሪያችንን አይመስልም?» እዚያ መርከብ ላይ ደግሞ አስተያየት የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ሐያት የምትባል አንዲት ልጅ ሳይንቲስቶቹ ሳይናገሩ በፊት «ጥጉ ላይ የሆነ ነገር አለ» እያለች እንደምትጽፍ አስተዋሉ። መልእክት ላኩላት። በሚመጣው ቅዳሜ የአንድ ሰዓት ጊዜ እንስጣችሁ፤ ጥያቄያችሁ መርከቡ ላይ ይሰማል፤ እናንተም ለእኩዮቻችሁ በቋንቋችሁ ታስረዳላችሁ አሏት።

ይህን ደስታ ሳንጨርስ ሐጂ ከማል በሬ ላይ ቆሙ። ልጅህ ጌም ቤት ነው የምትውለው ብሎ አንዱ ነግሯቸዋል።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ልጄን የላክሁት ትምህርት ቤት ነው» አሉ።

ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። «ሐጂ! ይህች ልጅ የባሕር ንግሥት ናት! ችሎታዋን አይግደሉት!»

«እኔ ማንንም አልገደልኩም» አሉ ረጋ ብለው። «እርስዎን ነው ሰው በመግደል የማውቅዎ። ልጅ ሆኜ ሰበታ አጎቴ ጋ እየሄድኩ ፊልም አይ ነበር። ሴትዮዋን ለወንድሟ የዳሯት እርስዎ አይደሉም?»

«ጎረቤቷ ነበር» አልኩ።

የሥራ ዘመኔ ዝና እንዲህ ሆኖ ደረሰልኝ። ሐያት ስለ ባሕሩ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ የእውነቱ ምስክር ግን እኔ ሆንኩ። ሐጂ ፈረዱ፤ ከነገ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሱቅ ትቀመጣለች፣ ስልኩም እናቷ ጋ ይሆናል።

ሐያት አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ቅዳሜ አንተው ና። ተቀምጠህ እይ። ጨዋታ ነው ካልክ ስልኩን በእጄ እሰጥሃለሁ፤ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም» አለች።

ሐጂ ፂማቸውን ዳሰሱ። «እሺ። ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ ግን ክርክር የለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ።»

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ተነሣሁበት። ነጭ አንሶላ ወጠርኩ፤ የፕሮጀክተሩን መስታወት ወለወልኩ፤ መስኮቱን በጥቁር ጆንያ ከለልኩ። አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ የማታውን ኳስ ሊጠብቅ የመጣ ነው። ሐጂ አሥር ሰዓት ላይ ሰግደው መጡ። የራሴን ባለ ስፖንጅ ወንበር ከፊት መሀል ላይ አደረግሁላቸው። እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

መሣሪያው መውረድ ጀመረ። ሰማያዊው ጠቆረ፤ ከዚያ ጥቁር ብቻ ሆነ። ነጫጭ ብናኝ ብቻ ይታያል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ምንም የለም።

አግዳሚው ተንቋቋ።

«ቴሌቪዥኑ ነው የተበላሸው?» አለ አንዱ። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። ምላሴን በላኝ። አንድ ሻርክ፣ አንድ ትንሽዬ ሻርክ ብለቅ ቤቱን እይዘው ነበር። አፌን በመዳፌ ከደንኩ።

ሐያት ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ይህ የምታዩት ነጭ ብናኝ ከላይ የሞተው ሁሉ ፍርፋሪ ነው» አለች። «ታች ፀሐይ የለም፤ ተክል አይበቅልም። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የሚኖሩት ከላይ የሚወርድላቸውን ጠብቀው ነው።»

ገመቹ በአፋን ኦሮሞ ደገመው። የባጃጁ ሹፌር ሳቀ። «እኛው ነና! እኛስ ከአዲስ አበባ የሚተርፈውን አይደል የምንጠብቀው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሊወጣ የተነሣውም ተመልሶ ተቀመጠ። ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ፈቱ።

«ሐያት።»

«አቤት አባዬ።»

«እዚያ ድረስ ሲወርድ ውሃ እንዴት አልገባበትም? እኔ የምሸጠው ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት አይቆይም።»

«ይኸው ራስህ አመንክ!» አለ ከኋላ አንድ ደንበኛቸው።

ሐያት ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ላከችው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ከመርከቡ እየሳቀች መለሰች። «መሐንዲሷ ናት» አለች ሐያት። «ጥያቄው ደስ ብሏታል። ሞተሮቹንና የሽቦ ሣጥኖቹን ውስጣቸውን ዘይት ሞልተውታል። ባዶ ቦታ ስለሌለ ውሃው ቢጫንም የሚጨፈልቀው ነገር አያገኝም አለች።»

«ዘይት!» አሉ ሐጂ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ዘይት ሞልተውበት!» ራሳቸው የሞሉት ይመስል። ወዲያው ግን ትዝ አላቸውና እጃቸውን መልሰው አጣመሩ። «መልሱ ጥሩ ነው። የመለሱት ግን እነሱ ናቸው። የኔ ልጅ ምን ሠራች?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዳልተነፍስ ታዝዣለሁ።

መሣሪያው ወለሉ ላይ ደረሰ። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ጭቃ። ሳይንቲስቶቹ ስለ ድንጋዩ እያወሩ አለፉ። ሐያት ብድግ አለች። «ወደኋላ!» አለች በአማርኛ፤ ከዚያ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

ከመርከቡ አንድ ሰው መለሰ። ገመቹ ሹክ አለን፤ ምንም አይታየንም፣ ድንጋይ ነው እያሉ ነው።

ሐያት ማይኩን አልለቀቀችም። የተናገረችውን ራሷ ለእኛ ተረጎመችው። «ድንጋይ አይደለም። ሌሎቹ ድንጋዮች ሁሉ ጭቃ ለብሰዋል። እሱ ላይ ግን ጭቃ የለም።»

መሣሪያው ቀስ ብሎ ዞረ። መብራቱ በግራ ጥግ ባለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዩም ዓይኑን ገለጠ።

«ኢላላ!» ብሎ ጮኸ የባጃጁ ሹፌር፤ እዩ! እዩ! ባለ ስምንት እግር ፍጥረት ናት። እግሮቿን ወደ ውጭ ገልብጣ ትንንሽ ነጫጭ ነገሮችን አቅፋለች። መርከቡ ላይ ያሉት ከእኛ ባልተናነሰ ጮኹ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የልጆቹ መልእክት ለማንበብ እስኪያቅት ተንጋጋ።

«እንቁላሎቿ ናቸው» አለች ሐያት። «እንዲህ ዓይነቶቹ እናቶች እንቁላሉን ትተው አይሄዱም፤ ምግብም አይፈልጉም። ልጆቹ ሲፈለፈሉ እሷ ትሞታለች።»

እኔ ያን ያህል ሰው ገድዬ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም።

የመርከቡ ዋና ሳይንቲስት ሐያትን በስሟ ጠራት። ያየችው እሷ መሆኗ ከቪዲዮው ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል አለ። ከዚያ አጠገብሽ ማን አለ ብሎ ጠየቃት።

«አባቴ፣ ሐጂ ከማል» አለች።

ሰውየው ስማቸውን አጣሞ ሰላም አላቸው። ሐጂ ከወንበሩ ተነሡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወዐለይኩም ሰላም!» አሉ፤ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ሰዓቱ አለቀ። የማታው ኳስ ተጀምሮ ነበር፤ ቀይርልን ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። መብራትም አልጠፋም፤ ይህንንም ከድሉ እቆጥረዋለሁ። ሐያት ስልኳን ነቅላ አባቷ ፊት ቆመች። እጇን ዘረጋች።

ሐጂ ስልኩን አዩት፤ አልወሰዱትም። ወደ ደንበኛቸው ዞረው «ጭቃ የለበትም አለች! ሰማህ? ሁሉም ያላየውን! የዛገ ቆርቆሮ ከሩቅ የሚለይ ዓይን ነው፤ ከኔ ነው የወረሰችው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «የሚቀጥለው መቼ ነው?»

ጣቴን ወደ ሐያት ቀሰርኩ። እንድተነፍስ ገና አልፈቀዱልኝምና አፌን አልከፈትኩም።

«ረቡዕ ነው አባዬ፤ ከትምህርት በኋላ» አለች።

«ሱቁን ወንድምሽ ይጠብቃል። ጋሽ ደምሴ፣ ያንን ቦታ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።»

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ልጁን ፍለጋ የመጣን አባት በር ላይ አትከራከሩት። ልጁ የሚያየውን ከሚያይበት ቦታ አስቀምጡትና ለልጁ ተዉለት።