የዓለምወርቅ ሰፈሩን የጠየቀችበት ክረምት

ከቁስቋም እስከ ወለቃ መንገድ ድረስ በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ ሁሉ በየዓለምወርቅ እጅ ነው የወረደው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አዋላጅ ነበረች። ደልደል ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሯት የሚስቅ ሴት። ከሳንጃ ቆላ በሙሽርነት መጥታ የደብተራ ወልደኢየሱስ ሚስት ከሆነች ጀምሮ ከሰፈሩ ወጥታ አታውቅም። ባሏ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ዝምታ ይወዳል፣ ሲናገር ግን ሰው ያስቃል።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጭቃውን እየዘለለ ቤቷ መጣ። ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ኋላ አራዳ ላይ ቅመም መነገድ የጀመረ ጎረቤት ነው። ልጆቹን ሁሉ ያዋለደችው እሷ ናት።

«የዓለምወርቅ፣ ልወዳደር ነው» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ከማን ጋር ተጣላህ ደግሞ?»

«ጠብ አይደለም። ለምክር ቤት ነው። ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ ተብሎ የለም? እኔም ገባሁበት። ሴቱም ይመርጣል ተብሏል። ታዲያ እኔ ሰው ቤት ገብቼ ሚስቱን ላናግር ብል ዱላ ነው የሚጠብቀኝ። አንቺን ግን የማያስገባ ቤት የለም።»

«ገብቼስ ምን ልበል? ኃይለ ጊዮርጊስን ምረጡ ልበል?»

«እሱን ተይው። ጠይቂልኝ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ከውጭ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ የሚኖረው ሰው ነገር ይነሳል እየተባለ ነው። ዐረቡ፣ ሱዳኑ፣ ከጦርነቱ የቀረው ጣሊያን። ሕጉ ይጥበቅበት ወይስ ይላላለት? ያገሬ ሰው የሚለውን ሳላውቅ እዚያ ሄጄ ምን እናገራለሁ?»

የዓለምወርቅ በዕድሜዋ ሰው ጠይቃ ታውቃለች፤ ምጡ መቼ እንደጀመረ፣ ወገብ ነው ወይስ ሆድ ብላ። ስለ ሕግ ግን ማንም ማንንም ሲጠይቅ አልሰማችም። ሕግ ከላይ በአዋጅ ይወርዳል እንጂ ከታች ሲጠየቅ አላየችም።

«የማትወደውን ይዤ ብመጣስ?» አለችው።

«እንግዲህ ሳልወደው እሰማዋለሁ።»

መልሱ ደስ አላትና እሺ አለች።

የመጀመሪያው ቤት የትርንጎ ነበር። ትርንጎ አራስ ናት፤ ገና አርባዋ አልደረሰም። የዓለምወርቅ ሕፃኑን አቅፋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጥያቄውን አቀረበች። ትርንጎ ጆሮዋን አላመነችም።

«ግብር ሊጨመርብን ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ግብር አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ልታሳስሪ ነው?»

«ማንንም። ምን ይመስልሻል ነው ያልኩሽ። ያንቺን አሳብ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። ትራሷን ከጀርባዋ አደረገች። ጎረቤቷን ጽጌሬዳን በአጥሩ በኩል ጠርታ፣ ነይማ አሳቤን ስጠየቅ ስሚ አለቻት። ከዚያ እንደ ዳኛ ቀና ብላ ተናገረች።

«ይጥበቅ ነው የምለው። የሰው አገር ሰው ገበያችንን ሁሉ ሞላው። አገራቸው ይግቡ።»

«ናጂም ይግባ?» አለች የዓለምወርቅ። ናጂ የመንደሩ ዐረብ ነው፤ ከቁስቋም ቁልቁለት ግርጌ ትንሽ ሱቅ አለው።

«ናጂ? ናጂማ ለምን ይሄዳል? ይህን ሕፃን የጠቀለልኩበትን ጨርቅ የላከልኝ ማን ሆነና? እኔ ዐረቦችን ነው ያልኩት።»

ጽጌሬዳ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችና፣ እኔንም ጠይቂኝ እንጂ ብላ ወደ ቤት ገባች።

በማግሥቱ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ አያ አድማሴን እርሻው ላይ አገኘችው። በጠላት ዘመን አርበኛ የነበረ፣ አንድ ጣቱን ጦርነት ላይ የተወ ሽማግሌ ነው። ጥያቄውን ገና ሳትጨርስ አረሙን ትቶ ቀና አለ።

«ይጥበቅ ብቻ? ይዘጋ እንጂ። ጣሊያን የሚባል ዘር ይህችን መሬት መርገጥ የለበትም። ለኃይለ ጊዮርጊስ አያ አድማሴ እንዲህ አለ በይው።»

«እሺ አያ። እንግዲህ የወፍጮው ቤፔም መንገዱን ይያዝ ማለት ነው።»

አያ አድማሴ ጢሙን አሻሸ። ቤፔ ከጦርነቱ በኋላ የቀረ መካኒክ ነው፤ የሰፈሩ ሰው እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው።

«ቤፔ ጣሊያን ነው እንዴ?» አለ ሽማግሌው ቆይቶ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱማ የወፍጮው ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በሬዬ ገደል ሲገባ በገመድ ያወጣልኝ እሱ ነው። አሁን ምነው እሱን እዚህ አመጣሽብኝ? ነገሬን አበላሸሽው።» ይህን ብሎ ወደ አረሙ ተመለሰ። ብዙ ርቃ ከሄደች በኋላ ግን ጠራት። «እዚህ የቀረው ይኑር፣ ሌላ አይምጣ በይው» አላት።

ወለቃ ስትደርስ ባንቺአየሁ የምትባል የቤተ እስራኤል ሴት ከደጇ ተቀምጣ ጀበናና ማሰሮ ስትሠራ አገኘቻት። እሷንም በምጥ ቀን ረድታታለች። ባንቺአየሁ ጥያቄውን ሰምታ እጇን ከጭቃው ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት።

«ይህን ነገር እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ምነው፣ አንቺ መራጭ አይደለሽም?»

«እኔማ እዚሁ ተወልጄ፣ እናቴም እዚሁ ተወልዳ፣ እስከ ዛሬ እንደ መጤ የሚያየኝ ሰው አለ። አንዲት ክንድ መሬት የለኝም። እንግዲህ ሰው እንግዳ የሚባለው እስከ መቼ እንደሆነ ሕጉ ይቁረጥልን። ለሁሉም ይቁረጥ። እኔ የምለው ይኸው ነው።» ከዚያ ፈገግ አለችና እጇን ታጠበች። «ሸጋ ጥያቄ ነው። ከእኔ በፊት ማንን ጠየቅሽ? ምን አሉ?»

ሁለቱ ሴቶች አያ አድማሴን እያነሱ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ሳቁ። የዓለምወርቅ የባንቺአየሁን ቃል ግን መንገዱን ሙሉ ለብቻዋ ስትደጋግመው ሄደች።

ስትመለስ ናጂ ሱቅ ገባች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መራጩን ጠይቂ ነበር ያላት፤ ናጂ ደግሞ አይመርጥም። ቢሆንም በሰው ጉዳይ ሌላውን ሁሉ ጠይቃ ባለቤቱን ማለፍ ነውር መሰላት።

«ናጂ፣ ከውጭ ለሚመጣው ሰው ሕጉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ትላለህ?»

ናጂ ዘወር ዘወር ብሎ አየና በባንኮኒው ላይ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ይጥበቅ» አለ በቀስታ።

«ምን አልክ?»

«ይጥበቅ፣ እትዬ። በጣም ይጥበቅ። የአጎቴ ልጅ ከምጽዋ መጥቶ ከጎኔ ሱቅ እከፍታለሁ እያለ ነው። እሱ ከመጣ እኔ አለቀልኝ።»

የዓለምወርቅ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንባዋ ወረደ። ናጂ ታመመች ብሎ ውኃ አመጣላት። እየሳቀች መሆኗ ሲገባው እሱም ሳቁን ጀመረው።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ለባሏ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጋችው። ደብተራ ወልደኢየሱስ ጉርሻውን ይዞ ሳይጎርስ አዳመጠ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«መጽሐፉ ‹ነግደ ኮንኩ ወተወከፍክሙኒ› ይላል። እንግዳ ሆኜ መጣሁ ተቀበላችሁኝ ማለት ነው። እንግዲህ ጌታ ራሱ መጤ ነኝ ካለ እኔ ምን ጨምሬ እናገራለሁ?» ጎረሰና ቀና ብሎ አያት። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አገሩን ሁሉ የጠየቅሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከተጋቡ ጀምሮ ስለ ቤት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ልጅ ተጠያይቀዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ጠይቋት አያውቅም። ከሳንጃ የመጣች ሰሞን ትዝ አላት። ቆለኛዋ ይሏት ነበር። ምንጭ ወርዳ እንስራዋን ስታስቀምጥ ሴቶቹ ዝም ይሉ ነበር። ከዚያ አንዲት ጎረቤትን በድንገት ምጥ ያዛትና፣ ሌላ ሰው አልነበረምና፣ የዓለምወርቅ አዋለደቻት። ከዚያ ወዲህ ቆለኛ ያላት የለም።

«የገባውን አታስወጡ» አለች በመጨረሻ። «የሚመጣውን ደግሞ ስሙን ጠይቁት፣ ምን ታውቃለህ በሉት። ከዚያ ጊዜ ስጡት። እኔም ጊዜ ተሰጥቶኝ ነው።»

«ሸጋ ነው» አለ ባሏ። «ይህን ደግሞ ለኃይለ ጊዮርጊስ ንገሪው።»

ነገረችው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁሉንም ሰማ፤ የማይወደውም ነበረበት። የመስከረም ፀሐይ ወጥታ ሜዳው በአደይ ሲሸፈን ሕዝቡን ከቁስቋም በታች ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ሌላ ተወዳዳሪ ቢሆን የአባቱን ጀግንነት ይቆጥር ነበር። እሱ ግን ስም ሳይጠራ የዓለምወርቅ የጠየቀቻቸውን ሰዎች መልስ ለራሳቸው ተረከላቸው። አያ አድማሴ ጢሙን ይዞ መሬት መሬት አየ። ትርንጎ ሕፃኗን አዝላ፣ ይህ የእኔ ነው እያለች በክርኗ ሰው ትጎሽም ነበር። የባንቺአየሁ ቃል ሲነገር ሳቁ ቆመ፤ ባንቺአየሁም ከኋላ በኩል ቆማ ሰማች።

«ከተመረጥኩ» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ «ይህንኑ ነው የምናገረው። አስቸጋሪ ነው፤ ግን የእናንተ ነው።»

በምርጫው ቀን የቁስቋም ሴቶች ለክብረ በዓል እንደሚወጡ ለብሰው ወጡ። የዓለምወርቅ ወረቀቷን ሣጥን ውስጥ ከጨመረች በኋላ ሣጥኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ሕፃን ሲወለድ ጀርባውን እንደምታደርገው። ጠባቂው ምን እንደሆነች ጠየቃት። ምንም አለችው፤ ደስ ብሏት ነው።

ኃይለ ጊዮርጊስ ተሸነፈ። ያሸነፈው ብዙ ጋሻ መሬት ያለው አንድ ባላባት ነበር። ነገር ግን ያሸንፋል ተብሎ ድግስ ተደግሶ ነበርና ምን ይደረግ? ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል። ባለድግሱ ራሱ ደጅ ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራ ጀመር። ናጂ ከአጎቱ ልጅ ጋር መጣ፤ የአጎቱ ልጅ ለካ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱ ተምር በሰሐን ይዘው እየተከራከሩ ገቡ። ቤፔ ከአያ አድማሴ ጎን ተቀመጠና ሽማግሌው ጣት በጎደለው እጁ አጎረሰው። ያሸነፈው ሰው እንኳ በበቅሎ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ወረደ፤ ወንበር ተሰጠውና በላ። እሱንም የዓለምወርቅ እስከ በር ስትሸኘው ጠየቀችው፤ እሱም ላስብበት ብሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ሕጉ ምን ላይ እንደደረሰ በሰፈሩ በደንብ የሚያውቅ የለም። የዓለምወርቅ ግን ቤት በገባች ቁጥር ሰው ጠይቂን እያለ አላስቀምጥ ይላት ነበር። ምጥ ላይ ያለችው ሴት እንኳ ፋታ ስታገኝ ቀና ትልና፣ «ምነው እትዬ፣ ዘንድሮስ የምትጠይቂን ነገር የለሽም?» ትላታለች።