ብቻውን የመጣ ቃል

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቃል» ነው የሚላት። ጃፓን አገር በአንድ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ዘጠኝ ዓመት አልጋ ስታነጥፍ፣ ስታጥብና ስታጎርስ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት ተመለሰች። አሁን ከአንድ ክፍል ቤቷ ሳትወጣ የማሽን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃፓንኛ ትተረጉማለች። ኮምፒውተሩ አጠገብ የዓይን ጠብታ፣ ወንበሩ ላይ ለወገቧ የታጠፈ ፎጣ አለ። ሁልጊዜ ደክሟታል። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «እንደተኛሁት» ትላለች፤ አለመተኛቷን ዓይኗ ይመሰክራል።

እኔ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አራተኛ ፎቅ፣ መጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። መሐንዲስ ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አቀላጥፈው ይናገሩት የነበረው እንግሊዝኛ ጥሏቸው ሄዶ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ቀረላቸው፤ እሱንም ከስንት አንዴ ነው የሚያወጡት። የሚታዘዛቸው እጅ ግራው ብቻ ነው። እኚህ ሰው ምግብ እምቢ አሉ። ማንኪያ ሲቀርብ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሐኪሙ እስከ ሰኞ ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ ይገባል አለ። የጉሉኮሱን መርፌ ሁለት ጊዜ ስለነቀሉ፣ ቱቦውንም እንዳይነቅሉት ያቺ ደህናዋ እጃቸው ከአልጋው ጋር ትታሰራለች ማለት ነው።

ይህን ማንም አልወደደውም፤ ከሁሉ በላይ ሲስተር። ሲስተር የፎቁ ነርስ ናት፤ አፏ ቶሎ ይቆጣል፣ እጇ ግን ክፉ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ጃፓንኛ የምታውቅ ጎረቤት እንዳለችኝ ብነግራት፣ አርባ የእንግሊዝኛ ቃላት ወረቀት ላይ ደርድራ ሰጠችኝ። ጎረቤትሽ ትተርጉምልን፣ ካርድ ሠርተን እናሳያቸዋለን፣ የፈለጉትን ይጠቁሙናል አለች።

እትዬ ቃል ወረቀቱን አይታ በረጅሙ ተነፈሰች። ብቻውን የመጣ ቃል አልወድም አለችኝ፤ ዘመድ እንደሌለው እንግዳ ነው፣ ከየት እንደመጣ ሳይናገር አልጋ ስጡኝ ይላል። ለማሽን መመሪያም ቢሆን የቁልፉን ፎቶ ካልላኩላት ስሙን አትተረጉምም። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? እጁ ላይ ምን ይዞ? ይህን ሳታውቅ አንድ ፊደል አትጽፍም።

አሥራ ሰባተኛው ቃል «ኮልድ» ነበር። እሱን ብቻ ይዛ አንድ ከሰዓት ፈጀች። እንግሊዞቹ በአንድ ጆንያ የከተቱትን ጃፓኖቹ ለያይተው ነው የሚያስቀምጡት አለችኝ። አየሩ ሲበርድ «ሳሙይ» ነው፤ እጅ ወይም ምላስ የነካው ነገር ሲቀዘቅዝ «ትስሜታይ»፤ ጉንፋን ሲሆን «ካዜ»። እኛስ ብርዱን፣ ቀዝቃዛውን ውሃና ጉንፋኑን መች በአንድ ስም ጠርተን እናውቃለን? ነርሷ የቱን ፈልጋ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላ ላከችኝ።

ሲስተርን ብጠይቃት መርፌ እየሞላች ነበር። «ብርድ ብርድ ነው፣ ምን ያፈላስፋል? ቃሉን ትስጠኝ፤ ፍልስፍናውን ለጡረታዬ አቆየዋለሁ» አለችኝ።

እትዬ ቃል እንግዲያው ሦስቱንም ልጻፍ አለች። ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ እየተፈለፈሉ አርባው ሰባ አንድ ሆነ። በየካርዱ ፊት በትልቁ የጃፓን ፊደል፣ ጀርባው ላይ ለነርሶቹ አነባበቡን በእኛ ፊደል ጻፈች። ሁለት ቀን ፈጀባት። የራሷ ሥራ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ሐሙስ ካርዶቹ ሥራ ጀመሩ። ሽማግሌው እያንዳንዱን አዩ፤ በዓይናቸው እጅ የነሱም መሰለኝ። ከዚያ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዓርብም ያው። ቅዳሜም ያው። ሲስተር ቃሉ ልክ አይደለም እንዴ ስትል ጠየቀች፤ ይህን ለእትዬ ቃል ማድረስ የእኔ ዕዳ ሆነ።

እትዬ ቃል አልተቆጣችም። ካርዶቹን በሐሳቧ አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ቃሉስ ልክ ነው አለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ሰው ሳደክም፣ እኔው ራሴ ሄጄ አላየሁም። አራት ፎቅ ፈርቼ ወገቤን ሰበብ አደረግሁ።»

እሑድ መጣች። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር በየፎቁ እየቆመች ወጣች፤ እኔ መወልወያዬን ይዤ ከኋላዋ። ስንደርስ የምሳ ሰዓት ነው። ሲስተር ከአልጋው አጠገብ ቆማለች፤ በአንድ እጇ «እርጎ» የሚለውን ካርድ አሳየች፣ በሌላው ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ከንፈሩ ገጠመ። ፊቱ ወደ ግድግዳ።

እትዬ ቃል አልጋው እግርጌ ቆማ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከማጉረስሽ በፊት ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ ስትል ጠየቀች።

«ካርዱን አሳየኋቸው እኮ።»

«አሳየሻቸው፤ አልነገርሻቸውም።»

እዚያ በሠራችበት ቤት፣ ከታማሚው ዓይን ጋር እኩል ቁጭ ሳይሉ ማንኪያ ማንሳት ክልክል ነበር። የሚመጣው ነገር ቀዝቃዛ ይሁን ትኩስ፣ ጎምዛዛ ይሁን ጣፋጭ አስቀድመው ይነግራሉ፤ ታማሚው «ሃይ»፣ እሺ፣ እስኪል ይጠብቃሉ። ግማሽ አፉ ለደነዘዘ ሰው ሳይነገረው የሚመጣ ማንኪያ ያስደነግጣል። ስንት ሺህ ጊዜ ስላደረገችው የሥራ ደንብ መሆኑ ተረስቷት፣ እጅ እንዲሁ የሚያውቀው ነገር ይመስላት ነበር። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ያልጻፈችው።

ሲስተር ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። «ሃያ ስድስት በሽተኛ አለኝ፣ እትዬ። ለሁሉም ቁጭ ብዬ ላወራ ነው?»

«ለእኚህ ለአንዱ። የእኔም ወገብ በዚያው ነው የሄደ፤ አውቅልሻለሁ።»

ሲስተር በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እትዬ ቃል በጆሮዋ «ትስሜታይ ዴስዮ»፣ ይቀዘቅዛል፣ አለቻት። መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ «ዮ» ናት ነገሩን የሰው የምታደርገው፤ እየነገርኩዎት ነው፣ ይዘጋጁ እንደማለት ናት፤ ያለሷ ቃሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው አለች። ሲስተር አንቺው በያቸው፣ እኔ ምላሴ አይታጠፍም አለች።

«እኔ ነገ የለሁም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ሲስተር እርጎውን ዝቅ አድርጋ ያዘችና «ቱሜታይ ዴዮ» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በሻከረ ድምፅ፣ ትምህርት ቤት የገባችበት የመጀመሪያ ቀኗ ይመስል፣ ቀስ አድርገው «ትስ… ትስሜታይ» አሏት። ደገመችው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና አሏት። በሦስተኛው ሲሳካላት «ሃይ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ሰባት ማንኪያ በሉ። ስምንተኛውን በግራ እጃቸው መለሱት። ሲስተር ሰባት የሚለውን መዝገባቸው ላይ ጻፈች፤ ደስታዋን ለማሳየት እንኳ አቅም አልነበራትም። እትዬ ቃል ዞር ብዬ ሳያት ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሰኞ ሐኪሙ መዝገቡን አገላብጦ ቱቦውን ወደ ሐሙስ አዛወረው፤ እጃቸውም አልታሰረም። ሐሙስ ደግሞ ሲደርስ ይታያል። በምሳ ሰዓት ኮሪደሩን ስወለውል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲስተር በርጩማው ላይ፣ ማንኪያውን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ሽማግሌው እስኪውጡ ትጠብቃለች። ከሌላ ክፍል ሰው ይጠራታል። «መጣሁ» ትላለች፤ አትነሳም።