መንገድ ዳር የቆመው እንስራ

ከወንዙ የተነሳው ማዕበል መንደሩን ጠርጎ የንዌ ዪን ባልና ልጅ ከወሰደ በኋላ የመንደሩ የቡድሃ መነኩሴ፣ «ጽድቁ እንዲደርሳቸው በየጠዋቱ ለመንገደኛ የሚጠጣ ውሃ አስቀምጪ» አሏት። እሷም ያንኑ የበላቸውን ውሃ ከኢራዋዲ ወንዝ እየቀዳች መንገድ ዳር የቆመውን እንስራ መሙላት ያዘች። ግን ሰው ያለቀበት መንደር ነው፤ መንገደኛ ከየት ይምጣ? በየማለዳው እንደሞላ ያደረውን ውሃ ትደፋና እንደገና ትሞላለች።

ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት እንስራው ጎድሎ አገኘችው።

«አባባ፣ ሰው ጠጥቷል» ብላ ከእሷ ጋር የተረፉትን ጎረቤቷን ሽማግሌውን ኡ ቻይንን ጠራች።

ሽማግሌው የእንስራውን ቂጥ ዳበሱና ጭቃ የነካ እጃቸውን አሳዩዋት።

«ማንም አልጠጣም፣ ልጄ። ተሰንጥቆ ነው። ተይው፣ የኔን ውሰጂ።»

ንዌ ዪ ባልዲዋን አነሳች።

«ይቅር፣ አባባ። ይሄኛው ነገም ጎድሎ ይጠብቀኛል።»