ቢጫዋ ወንበር የት ገባች?

ሹራብ ሠሪዋ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችባት ሱቅ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት ካርቶኖች ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። ይልቅ በእያንዳንዱ ካርቶን ጆሮ ላይ ውስጡ ካለው ክር ቁራጭ ታስሮበታል፤ ሰማያዊ የታሰረበት ሰማያዊ ነው፣ ግራጫ የታሰረበትም ግራጫ። «ውስጡ ያለው ከውጭ ካልታየኝ ስፈልግ መዋሌ ነው» ትላለች። ከደጃፏ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቢጫ ወንበር ትቀመጣለች። ልጆች የሚለኩት እዚያች ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቆመው ከሆነማ ማን ይይዛቸዋል!

ታዲያ የቤቱ ባለቤት ክፍሉን ለራሱ ፈለገውና በወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገራት። ሥራውንስ ቤቷም ሆና ትሠራዋለች። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ደንበኞቿ የሚመጡት ልጅ ሲወለድ ወይም ያምናው ሹራብ ሲያጥር፣ ቢበዛ በዓመት አንዴ ነው። መጥተው በሩን ዝግ ሲያገኙት የት ብለው ይፈልጓታል?

«ኢንተርኔት ላይ ነዋ፣ እማዬ!» አለች ልጇ። ኮምፒውተር ጠጋኙ የልጇ ባልም እጆቹን አፋተገ። እሱ ነገር ሲጀምር በትልቁ ነው።

«የድረ ገጹን ስም አስቤ ጨርሻለሁ፣ እማማ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ዘመናዊ የእጅ ሥራ ሹራብና የሕፃናት አልባሳት ማዕከል!»

«ወይ ጉድ! ተጽፎ እስኪያልቅ ልጁ ያድጋል» አለች ሚስቱ። «በእማዬ ስም ይሁን።»

«በእሳቸው ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ መሰለሽ? እሳቸውን ሲፈልጉ የሌላ ሰው እናት ነው የሚያገኙት።»

ሹራብ ሠሪዋ ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንላትም። የልጇ ባል ግን በነጋታው ስሙን ሊያስመዘግብ ነው፤ ደንበኛ አንዴ ከለመደው በኋላ መቀየር ጣጣ እንደሆነም ራሱ ነግሯታል። ዓይኗን ከሹራብ መርፌዋ ሳትነቅል፣ «እስቲ አንድ ቀን ስጠኝ» ብቻ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የሱቋን በር እንደከፈተች በቀጥታ ፊት ለፊቷ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ተሻገረች። ረጅሙን ስም አንዴ ነገረችው። ጥግ ላይ ላለችው ዳቦ ሻጭም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ዞራ ጠየቀቻቸው።

«ጠዋት የነገርኩህን ስም ታስታውሰዋለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንጠልጥሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ማዕከል... የሆነ ማዕከል። እትዬ፣ መሥሪያ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ የተቀመጠው ደንበኛ በሳቅ ፈረሰ። ከዳቦ ሻጯ አእምሮ ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል።

አንገቷን ደፍታ ስትመለስ፣ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ከሱቁ ፊት መንገዱን ወዲያና ወዲህ ታያለች።

«እርስዎ ነዎት ሹራብ የሚሠሩት? እህቴ ‹ቢጫ ወንበር ካየሽ ደርሰሻል› ብላኝ ነበር። ወንበሯ የት ገባች? ሁለቴ አለፍኩት እኮ!»

ሹራብ ሠሪዋ ክው አለች። ስም ልትጠያይቅ ስትቻኮል ወንበሯን ማውጣት ረስታለች። ሕፃኑን ለክታ እንደሸኘች ተመልሳ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተሻገረች።

«ሰው የኔን ሱቅ ሲጠይቅህ ምን ብለህ ነው የምትነግረው?»

«ምን እላለሁ! ቢጫዋ ወንበር ጋ ሂዱ ነዋ።»

ዳቦ ሻጯም ያንኑ አለች፤ ለዚያውም ዳቦ እየቆጠረች፣ ሳታስብ።

ልጇ ስትሰማ አጨበጨበች። ባሏ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ቢጫ ወንበር? እማማ፣ ሰው እኮ የቤት ዕቃ የምንሸጥ ይመስለዋል!» እንዲያም ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ወዲያው ፊቱ «አላልኳችሁም?» የሚል ሆነ። «ተይዟል። ሶፋ ሻጭ ቀድሞናል።»

ሹራብ ሠሪዋ እንደ ልማዷ እሺ ልትል ነበር። ያቺ ወጣት ግን ሕፃኗን ታቅፋ መንገድ ዳር ስትንከራተት ከዓይኗ አልጠፋ አለች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ካርቶኔ ላይ ክር የማስረው ውስጡ ያለው እንዲታይ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ሳይታወቃት ከፍ ብሎ። «ወንበሯ ላይ ሹራብ የሚለውን እሰርባት። በቃ።»

«ቢጫ ወንበር ሹራብ» ብሎ ጻፈ። ጠበቁ። «አልተያዘም!» አለና ከመቀመጫው ተነሣ።

«ማዕከልህስ?» አለችው ሚስቱ።

«ፈርሷል።»

ወሩ አለቀ። በተዘጋው በር ላይ የገጹ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ተለጠፈ፤ ወንበሯም ቤቷ መስኮት ሥር ገባች። ገጹን ለሚከፍት ሰው መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት፣ መደገፊያዋ ላይ መዳፍ የምታክል ሹራብ ደርባ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ድሮ ሌላ ከተማ ከገባች ደንበኛ መልእክት መጣ። «መንገድ ላይ ሰው ስለ ቢጫ ወንበር ሹራብ ሲያወራ ሰምቼ ገጹን ከፈትኩት። ልጄ ‹ያቺ ያለቀስኩባት ቢጫ ወንበር!› ብላ ጮኸች። አሁን እሷም ወልዳለች። ወንበሯ አለች?»

ሹራብ ሠሪዋ መነጽሯን አስተካክላ በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። «አለች። የሕፃኑን ልክ ላኩልኝ።» ላከችው። ከዚያ ቀና ብላ ካርቶኖቿን ስታይ ቀለሙን መጠየቅ መርሳቷ ትዝ አላት፤ ጣቷን አሹላ «ቀለሙስ?» ብላ ልትጽፍ «ቀ»ን ፍለጋ ገባች።